የመንግሥት ሠራተኛ ደረጃና እድገት በጁባ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከዓመት እስከ ዓመት ከማይሰለቹት ወሬዎች አንዱ የደረጃ እድገት ጉዳይ ነው። የእድገት ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ሻዩ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል፤ ስሙን ያገኘው ዝም ይላል፤ ያጣው ደግሞ «ለመሆኑ መስፈርቱ ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን፣ እድገት ያገኘነው ጭምር፣ መስፈርቱ ከየት እንደ መጣና ለምን እንዲህ እንደ ሆነ በውል አናውቅም። ተማሪዎቻችንም በቅጥር ደብዳቤ ላይ የምትጻፈው አንዲት ቁጥር የብዙ ዓመት ኑሯቸውን እንደምትወስን የሚረዱት ሥራ ከገቡ በኋላ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ በጎረቤታችን በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ምሳሌነት ለማብራራት እንሞክራለን። ጁባን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የመንግሥት ሥራ ደረጃ ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ በዚያ አገር የቢሮ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሕዝብን ለጦርነት ከገፋፉት ቅሬታዎች አንዱ ነበር። ከዚህም ሌላ ከእኛው አገር መሥሪያ ቤቶች የሄዱ ሠራተኞች እዚያ ተመድበው የሠሩበት ጊዜ ስላለ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ሲሆን፣ የሲቪል ሰርቪስ ሕጓም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በሥርዓቱ መሠረት የመንግሥት ሠራተኞች በ17 ደረጃዎች ተከፍለው ይመደባሉ። አቆጣጠሩ ከላይ ወደ ታች ነው። 1ኛ ደረጃ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ የበላይ ቋሚ ሠራተኛ የሆነው አንደር ሴክሬተሪ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ዋና ዲሬክተሮች፣ ዲሬክተሮችና ምክትሎቻቸው ይመጣሉ። በ17ኛው ደረጃ ተላላኪውንና የጽዳት ሠራተኛውን የመሰሉ ሠራተኞች ይገኛሉ። ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የተመረቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀጠረው በ9ኛ ደረጃ ነው። ስለዚህ በጁባ አንድ ሰው «ከ9 ወደ 8 ገባሁ» ቢል ደስ ብሎት ነው፤ ከእኛ አገር የሄደ እንግዳ ግን ሰውየው ዝቅ ተደርጎ ሊመስለው ይችላል። በእኛ አገር በ2019 በሥራ ላይ መዋል በጀመረው የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ታችኛው ደረጃ 1፣ ላይኛው 22 ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ደረጃ ማለት የሥራው ክብደት ሲሆን፣ እርከን ማለት ደግሞ በዚያው ደረጃ ውስጥ ያለች ትንሽ የደመወዝ መወጣጫ ናት። አንድ ሠራተኛ ሥራው ሳይለወጥ፣ ጠረጴዛው ሳይነሣ፣ በአገልግሎቱ ርዝመትና በጥሩ የሥራ ውጤቱ እርከን ሊጨመርለት ይችላል። በእኛ አገር የፌዴራል ሕግ ይህ ጭማሪ በየሁለት ዓመቱ እንዲታይ ተደርጓል። ሠራተኛው የደረጃው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ግን እርከኑ ያልቅበታል። ከዚያ በላይ ለመውጣት ወደ ሌላ ደረጃ መሻገር አለበት፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ነው።

ለምን ቢሉ፣ በሲቪል ሰርቪስ አሠራር ደረጃው የሰውየው ሳይሆን የወንበሩ ነው። ወንበሩ ካልተለቀቀ፣ ወይም አዲስ ወንበር በበጀት ካልተፈቀደ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ሠራተኛ ቢሆን የሚወጣበት ቦታ የለም። እኛ መምህራን ይህን ለመረዳት ትንሽ የሚያስቸግረን የእኛ መሰላል በሌላ መንገድ የተሠራ ስለ ሆነ ነው። በአገራችን ከጀማሪ መምህር ወደ መለስተኛ መምህር፣ ከዚያም ወደ መምህር፣ ወደ ከፍተኛ መምህር፣ ወደ ተባባሪ መሪ መምህርና ወደ መሪ መምህር የሚወጣ ሰው የማንንም ወንበር አይጠብቅም። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰሌዳ ፊት ቆሞ እያስተማረ የአገልግሎት ዘመኑና የምዘና ውጤቱ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ደረጃው የራሱ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት 10 ከፍተኛ መምህራን ቢኖሩ ማንም አይገረምም። በአንድ መምሪያ ግን 10 ዲሬክተሮች ሊኖሩ አይችሉም፤ ወይም ቢያንስ ሊኖሩ አይገባም።

አሁን በጁባ አንዲት ሠራተኛ በአንድ ሚኒስቴር በ9ኛ ደረጃ ተቀጥራ አምስት ዓመት አገልግላለች እንበል። ወደ 8ኛ ደረጃ ለመውጣት በመጀመሪያ ክፍት ቦታ መኖር አለበት። ክፍት ቦታው የሚታወቀው ኖሚናል ሮል ከሚባለው መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የተፈቀዱለትን መደቦች፣ በየመደቡ የተቀመጠውን ሰውና ደረጃውን የሚያሳይ ሲሆን፣ ከበጀቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ቦታው ከተገኘ የሠራተኛዋ የአገልግሎት ዘመን፣ የትምህርት ማስረጃዋና የቅርብ አለቃዋ የሚሞላው ዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ይታያሉ። ከዚያም መሥሪያ ቤቷ ሐሳቡን ወደ ሲቪል ሰርቪስ ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር ይልካል፤ ገንዘቡ ደግሞ ከገንዘብ ሚኒስቴር መምጣት አለበት። እንግዲህ አንዲት የ8ኛ ደረጃ ደብዳቤ የምትወጣው በሦስት በር ነው፤ አንዱ በር ቢዘጋ ሌሎቹ ክፍት መሆናቸው አይረባም።

የአለቃው ሪፖርት በየትም አገር ቢሆን የዚህ ሥርዓት ደካማ ጎን ነው። አንዳንዱ አለቃ ለሁሉም እኩል ነጥብ ሰጥቶ ከነገር ይርቃል፤ አንዳንዱም ሪፖርቱን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ረስቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሞላዋል። ሁላችንም የክፍል ተማሪ ውጤት የምንሞላ ሰዎች ስለ ሆንን የዚህን ፈተና እናውቀዋለን። ቅሬታ ያለው ሠራተኛ የሚያመለክትበት ቦታ እንዲኖር የ2011 የሽግግር ሕገ መንግሥት የሠራተኞች የፍትሕ ችሎትና የሕዝብ ቅሬታ ሰሚ አካል እንዲቋቋሙ ደንግጓል። ከላይኛው ጫፍ ያሉት ሹማምንት ግን በዚህ ሁሉ መንገድ አያልፉም። እነርሱ የሚሾሙትና የሚሻሩት በፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ ነው፤ ድንጋጌው በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲነበብ ሹመቱን ከሕዝቡ ጋር እኩል የሚሰማ ሹም እንዳለም በጁባ የታወቀ ነው።

እስካሁን የገለጽነው በወረቀት ላይ ሲታይ ቀና ነው። ክፍት ቦታ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ጥሩ ሪፖርት፤ ማን ይቃወመዋል? ይሁን እንጂ ይህንኑ የመሰለ ቀና መስፈርት በዚያው አገር ምን እንዳደረሰ ለማየት ወደ 1954 መመለስ ያስፈልጋል።

ሱዳን ያን ጊዜ አንድ አገር ስትሆን በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አገዛዝ ሥር ነበረች። በፌብሩዋሪ 1953 በሁለቱ መንግሥታት መካከል በተደረገው ስምምነት ሱዳናውያን ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ተወሰነ፤ በእንግሊዛውያን የተያዙትን ከፍተኛ የመንግሥት ሥራዎችም ለሱዳናውያን የሚያከፋፍል ኮሚቴ ተቋቋመ። የደቡብ ሰዎች፣ በተለይም ፊደል የቆጠሩት ጸሐፊዎች፣ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች፣ ውጤቱን በጉጉት ይጠብቁ ነበር። ጁባ ራሷ በጁን 1947 የሰሜንና የደቡብ ተወካዮች ተሰብስበው ስለ አንድነት የተነጋገሩባት ከተማ ናት፤ በዚያም ዘመን የደቡብ ሠራተኛ ከሰሜን ባልደረባው ያነሰ ደመወዝ ማግኘቱ የታወቀ ቅሬታ ነበር። ስለዚህ እንግሊዞች ሲሄዱ ቢያንስ በገዛ አውራጃችን ላይ እንሾማለን ብለው ማሰባቸው የሚያስገርም አልነበረም።

ውጤቱ በ1954 መጨረሻ ሲነገር ከ800 ገደማ ሥራዎች ውስጥ ለደቡብ ሰዎች የደረሱት 6 ብቻ ሆነው ተገኙ። አራቱ የረዳት አውራጃ አስተዳዳሪነት፣ ሁለቱ ደግሞ ማሙር የሚባለው ከዚያ ያነሰ የአስተዳደር ሥራ ነበሩ። ተማሪዎች በመቶኛ ቢያሰሉት 0.75 በመቶ ያገኛሉ፤ ከ100 አንድ እንኳን አይሞላም። የደቡብ ሕዝብ ግን ከመላው የሱዳን ሕዝብ ከሩብ በላይ ነበር።

ለዚህ የተሰጠው መልስ አጭርና ሥርዓት ያለው ነበር፤ ምደባው የተደረገው በአገልግሎት ቀደምትነት፣ በሥራ ልምድና በትምህርት ማስረጃ ነው ተባለ። ውሸት ነው ለማለት ያስቸግራል። ግን እስቲ እንደ መምህር እናስበው። በካርቱም የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ የተከፈተው በ1902 ነው። በደቡብ የመጀመሪያው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የሩምቤኩ፣ የተከፈተው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የገባ ተማሪ አንድም ክፍል ሳይደግም ቢያልፍ በ1954 ሁለት ወይም ሦስት ዓመት አገልግሎት ቢኖረው ነው። ታዲያ ይህ ወጣት በቀደምትነት ከማን ጋር ይወዳደራል? የተመዘነው ችሎታው ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት ዓመትም አብሮ ተመዘነ። ያን ዓመት ደግሞ የመረጠው እርሱ አይደለም።

በኦገስት 18 ቀን 1955 በቶሪት የሚገኘው የኢኳቶሪያ ጦር አመፀ። የአመፁ ምክንያት ብዙ ነው፤ የፖለቲካ ተስፋ መቁረጥ፣ በዚያው ዓመት በንዛራ የጥጥ ፋብሪካ የተባረሩት ሠራተኞች ጉዳይና የወታደሮቹ ዝውውር ትእዛዝ ሁሉም ተደራርበዋል። ጦርነቱን የሥራ ምደባው ብቻ አመጣው ማለት ታሪክን ማጣመም ይሆናል። ሆኖም አመፁን የመረመረው ኮሚሽን ከቆጠራቸው ቅሬታዎች መካከል ያ የ800 እና የ6 ጉዳይ ይገኝበታል። በኛ አስተያየት የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል ኮሚቴው ምናልባት መስፈርቱን በትክክል ጠብቆ መሆኑ ነው። መስፈርት ጥሶ የሚያዳላ ሰው በምስክር ይረታል፤ መስፈርት ጠብቆ የሚያዳላን መስፈርት ግን በምን ይረቱታል?

የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1972 በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት አበቃ። ጁባ የደቡብ ክልላዊ መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ በአቤል አልየር መሪነትም የደቡብ ሰዎች የራሳቸውን መሥሪያ ቤቶች መምራት ጀመሩ። የጁባ ዩኒቨርሲቲ በ1975 የተመሠረተውም በዚሁ ዘመን ነው። ይህ ክልላዊ መንግሥት በ1983 ፈረሰ፤ ሁለተኛው ጦርነትም በዚያው ዓመት ተነሣ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1989 ወደ ካርቱም ተዛወረ።

በጃንዋሪ 2005 የሰላም ስምምነት ተፈርሞ በጁባ አዲስ መንግሥት ሲቋቋም ያ የ1954 ጥያቄ መልኩን ለውጦ እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ የተገናኙት ሁሉም የደቡብ ሰዎች ነበሩ፤ የመጡበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ጁባ በጦርነቱ ዘመን በካርቱም መንግሥት እጅ ስለ ቆየች በዚያ ያገለገሉ ሠራተኞች ነበሩ። እነዚህ ማኅደር አላቸው፣ የቅጥር ደብዳቤ አላቸው፣ የደረጃቸውም ቁጥር ይታወቃል። ሁለተኞቹ በነጻ አውጪው ንቅናቄ ሥር በጫካ ትምህርት ቤት የከፈቱ፣ ሕክምና ያቋቋሙ፣ ፍርድ የሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ ወይም ከደመወዝ በማይቆጠር ድጋፍ ሠርተዋል። ሦስተኞቹ በኬንያ፣ በዩጋንዳ፣ በኢትዮጵያና ከዚያም ርቀው በስደት ተምረው ዲግሪ ይዘው የተመለሱ ናቸው።

አንባቢ እስቲ ራሱን በዳኛው ቦታ ያስቀምጥ። አንዱ 12 ዓመት በቢሮ ያገለገለበትን ወረቀት ያቀርባል። ሌላው 12 ዓመት ከዛፍ ሥር አስተምሮ ምስክሮቹ ተማሪዎቹ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው የአገልግሎት ዘመን የለውም፤ ሁለተኛ ዲግሪ ግን ይዟል። ክፍቱ ወንበር አንድ ነው። ቀደምትነትን ብንይዝ የመጀመሪያውን፣ ውለታን ብንይዝ ሁለተኛውን፣ ማስረጃን ብንይዝ ሦስተኛውን መሾማችን ነው። ምንም ዐይነት መስፈርት ቢመረጥ ሁለቱን ቅር ያሰኛል።

በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ተጨመረ። በካርቱም አስተዳደር ሥር የተማረውና የሠራው ሠራተኛ ደብዳቤ የሚጽፈው በዐረብኛ ነበር። የ2011 ሕገ መንግሥት ግን እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አደረገ። ሃያ ዓመት በሙሉ ጥሩ ጸሐፊ የነበረ ሰው ባንድ ጊዜ የእንግሊዝኛ ጀማሪ ሆነ። ሙያው አልጠፋም፤ የሚመዘንበት ቋንቋ ተለወጠ እንጂ።

ከእኛ አገር የሄዱት ሠራተኞች ጁባ የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። በኢጋድ አማካይነትና በኖርዌይ ገንዘብ በተካሄደ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያና ከዩጋንዳ ወደ 200 የሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኞች በነጻነቱ ዘመን ገደማ በደቡብ ሱዳን መሥሪያ ቤቶች ተመደቡ። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። እንግዳው አለቃ ሆኖ አልገባም፤ ከአንድ የአገሩ ሠራተኛ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሥራውን እያሳየ እንዲሠራ ነበር የታሰበው። ደመወዙን የገዛ መንግሥቱ መክፈሉን ይቀጥላል፤ አበሉን ኖርዌይ ትሸፍናለች። ስለዚህ እንግዳው በጁባ መሰላል ላይ አንድም ወንበር አልያዘም፤ የማንንም እድገት አልዘጋም። ስለ ደረጃ ይህን ያህል መራራ ትዝታ ባለበት አገር ይህ ቀላል ብልሃት አይደለም።

የቀድሞውን ጉድለት ለማረም የተወሰደ ሌላም እርምጃ አለ። የ2011 ሕገ መንግሥት በሕግ አውጪና በአስፈጻሚ አካላት የሴቶች ተሳትፎ ቢያንስ 25 በመቶ እንዲሆን ደነገገ፤ በ2018 የተፈረመው የታደሰ የሰላም ስምምነት ደግሞ በአስፈጻሚው አካል 35 በመቶ አደረሰው። ይህን የሚነቅፉ ሰዎች «ሹመት በችሎታ ብቻ ይሁን» ይላሉ። የ1954ን ታሪክ ላነበበ ሰው ግን «ብቻ» የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም።

እስካሁን ስለ ቁጥሩ ተናገርን፤ አሁን ቁጥሩ ስለሚገዛው እንጀራ ጥቂት እንበል። ከዲሴምበር 2013 ጀምሮ በጁባ የተነሣው ጦርነት የአገሪቱን የነዳጅ ገቢ ጎዳ። በዲሴምበር 2015 መንግሥት የገንዘቡን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ፣ 2.96 ፓውንድ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ወደ 18.5 ፓውንድ ወጣ። ተማሪዎች ይህን በሒሳብ ይሥሩት፤ ለምሳሌ ያህል ደመወዙ 1,000 ፓውንድ የሆነ ሰው ከዚያ በፊት 338 ዶላር ያህል ነበረው፤ ከዚያ በኋላ 54 ዶላር ያህል ሆነ። ማንም ከደረጃው ዝቅ አላደረገውም፤ የዲሲፕሊን ክስም አልቀረበበትም። ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ነው። ዋጋ እንዲህ ሲንር ደግሞ በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነት ይሟሟል፤ ከ9ኛ ወደ 8ኛ በመውጣት የሚገኘው ጭማሪ የአንድ ሳምንት የቦዳ ቦዳ ኪራይ እንኳን ላይሸፍን ይችላል።

በ2017 የአውሮፓ ኅብረት ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በወር 40 ዶላር የማበረታቻ ክፍያ መስጠት ጀመረ፤ ታስቦ የነበረውም ወደ 30,000 ለሚሆኑ መምህራን ነው። ክፍያው መምህሩ በትምህርት ቤቱ መገኘቱን እንጂ ደረጃውን አይጠይቅም ነበር። ለጀማሪውም ለአንጋፋውም 40 ዶላር ነበር። ብዙ ክፍሎች ያለ መምህር እንዳይቀሩ የረዳ ነገር ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ቢሆንም 20 ዓመት ያስተማረ ሰው ከትናንት ወዲያ ከተቀጠረው ጋር እኩል ሲሰለፍ በልቡ የሚሰማውን መገመት አያስቸግርም።

በ2023/24 የበጀት ዓመት የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በ400 በመቶ እንዲጨምር ተወሰነ። ይህ አራት እጥፍ ማለት አይደለም፤ በነበረው ላይ አራት እጥፍ ሲታከል አምስት እጥፍ ይሆናል፤ ተማሪዎቻችን ይህን ብዙ ጊዜ ይስቱታል። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2024 በሱዳን በኩል የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ተበላሽቶ ገቢው ሲቀንስ ሠራተኞች ለብዙ ወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቆዩ። አምስት እጥፍ የሆነው ደመወዝ ካልተከፈለ ያው ዜሮ ነው።

አንድ ሰው «ታዲያ ለምን ይደክማሉ? ለ8ኛ ደረጃስ ለምን ያመለክታሉ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሰዎቹ ግን ያመለክታሉ። ከደረጃው ጋር ሥልጣን አለ፣ ፊርማ አለ፣ ለሥልጠና መመረጥ አለ፤ ጡረታም የሚታሰበው ከደመወዝ ነው። ከዚህም በላይ የተጠራቀመው ደመወዝ አንድ ቀን ሲመጣ ገንዘብ ያዡ የሚያየው በመዝገቡ ላይ የሰፈረችውን ቁጥር ነው፤ በዚያ ቀን 8 ተብሎ የተጻፈለት በ8 ይከፈለዋል፣ 9 ተብሎ የተጻፈለት በ9።